ላይ ማለት ሰሜን ነውን? የካርታ ንባብና የመልክዓ ምድር ቃላት በታዳጊዎች ትምህርት

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ሲያይ ሰሜኑ ከላይ መሆኑ አይገርመውም። እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ከተማውም ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ «ላይ» ሲባል ዳገቱም ሰሜኑም አንድ ቦታ ናቸው። ለድሬዳዋ ልጅ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እሱ የሚያውቀው ተራራ በስተደቡብ ቆሟል፤ የደቻቱ ጎርፍ ከዚያ ወርዶ፣ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ያልፋል። ካርታው ላይ ግን ያው ወንዝ ሽቅብ ሲሄድ ያየዋል።

ሁለቱም ልጆች «ላይ» የሚለውን ቃል አሳምረው ያውቁታል። ካርታው ግን ቃሉን ወስዶ ሌላ ነገር ሰጥቶታል። በካርታ ትምህርት ዙሪያ የሚነሣው ክርክር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቃል ለካርታ ይበቃል ወይስ ካርታ የራሱን ቋንቋ ይፈልጋል? ካርታ ማንበብ የሚቻለው በስንት ዓመት ነው? ትምህርቱስ ከደጅ ይጀመር ወይስ ከሉል? ይህ ዳሰሳ የጥያቄዎቹን አመጣጥ፣ ዋና ዋና አቋሞቹንና የቆሙባቸውን ማስረጃዎች ይመለከታል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርታ ሠሪዎቹ ቃል ሰብሳቢዎች ነበሩ

«መልክዓ ምድር» የሚለው ስያሜ ራሱ ትምህርት አለው። መልክዕ በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ቅዱሱን ከራሱ እስከ እግሩ፣ አካሉን አንድ በአንድ እየጠራ የሚያወድስ የድርሰት ዓይነት ነው። አማርኛም መሬትን እንደ አካል ያያል፤ የተራራ አናት አለ፣ የተራራ ግርጌ አለ፣ ሉሉን ለሁለት የሚከፍለው መስመርም የምድር ወገብ ተብሏል። በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ አክሱምን ከመሐል አድርገው የትግራይን አውራጃዎች በዙሪያዋ በክብ የደረደሩ ሥዕላዊ ካርታዎች ይገኛሉ። እነዚህ ርቀት አይለኩም፤ የሚያሳዩት የትኛው አገር በየት በኩል እንዳለ ነው።

በልኬት ወደ ተሠሩት ካርታዎች ስንመጣ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። የኢትዮጵያን ካርታ የሠሩት ሰዎች የኢትዮጵያን ቃላትም የሰበሰቡ ነበሩ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ ሲያወጣ አገሩን በእግሩ ረግጦ አያውቅም ነበር። ከፖርቱጋል ሚሲዮናውያን ጽሑፎች በተጨማሪ የተመካው በሮም ባገኛቸው በአባ ጎርጎርዮስ ቃል ነው። በ1698 ላሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ዋናው ምንጭ እኚሁ አባት ናቸው። ከሉዶልፍ በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል አልፎ የመጣው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ከጫፍ ጫፍ ተራሮችን በመሣሪያ እያየ ማዕዘናቸውን ለካ። የልኬት ሥራውን በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ተራራን ለመለካት መሣሪያ ይበቃል፤ ካርታ ላይ ለማስፈር ግን ስሙን ከአገሬው መጠየቅ ግድ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሥራው ወደ መንግሥት ተቋም ገባ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የአባይ ተፋሰስ ጥናት የልኬት ነጥቦች ተተከሉ፤ መነሻቸውም በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የሚገኘው አዲንዳን የተባለ ጣቢያ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የ1፡50,000 ካርታዎች ቀስ በቀስ የተዘጋጁት። በእነዚህ ካርታዎች ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው።

ቃልና ካርታ የተለያዩት በዚሁ ዘመን ይመስለኛል። ከ1963 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ፣ መሠረታዊዎቹ ሥራዎች በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ አትላስና በ1972 የወጣው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሐፋቸውም እንዲሁ። የሕፃናቱ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ሲሻገር ለእያንዳንዱ ስያሜ አቻ መፈለግ ነበረበት። ክርክሩም እዚህ ላይ ይጠነክራል።

አምባ፣ ደብር፣ ደጋ

ሦስት አቋሞች አሉ። አንደኛው፣ አገሬው ያለውን ቃል ወስደን ለትምህርቱ እናውለው ይላል። ሁለተኛው፣ ዓለም አቀፉን ስያሜ እንዳለ እናስገባ፤ ተማሪው ኋላ በእንግሊዝኛ መማሩ ላይቀር ለምን ሁለት ጊዜ ይደክማል ይላል። ሦስተኛው ከግዕዝና ከአማርኛ አዲስ እንፍጠር የሚል ነው። ሦስቱም የሚጠቅሱት ስኬት አላቸው፤ ሦስቱም የሚደብቁት ችግር አላቸው።

ከአገሬው ቃላት «አምባ»ን እንውሰድ። ዋና ትርጉሙ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ ግሸን፣ መቅደላ፣ አምባ አላጌ። ሁለተኛ ትርጉሙ ሰው የሰፈረበት ቦታ ነው፤ «የሕፃናት አምባ» ሲባል ገደል ያሰበ የለም። በትግርኛ እምባ ማለት ተራራ ነው፤ አናቱ ሜዳ ይሁን አይሁን ጉዳዩ አይደለም። የጂኦግራፊ ትምህርት ደግሞ አራተኛ ሸክም ጫነበት፤ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የተዘረጋውን ከፍተኛ ምድርም «አምባ» አለው። ወሎ ውስጥ አምባን በዓይኑ የሚያውቅ ልጅ «የሰሜን ምዕራብ አምባ» የሚል ሐረግ ሲያነብ የሚታየው ምሽግ የመሰለ አንድ ተራራ ነው እንጂ ጎጃምን፣ ጎንደርንና ሸዋን የያዘ አገር አይደለም። ለዚህ «አምባ ምድር» የሚለው ጥምር ቃል የተሻለ ነው። ሥዕሉን ሳያጠፋ ስፋቱን ይለያል።

«ደብር» ሌላ ወጥመድ ነው። በግዕዝ ደብር ተራራ ነው፤ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ሲና። ገዳማት ተራራ ላይ ስለሚመሠረቱ ቃሉ ቤተ ክርስቲያኑንም ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በቆመበት ሁሉ ስሙ ተከተለ። ደብረ ብርሃን ስሟ ተራራ ሆኖ የተቀመጠችው ግን ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሳይንሱ ተመልሶ ያስገርማል። በ2000 ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በተሠራውና እስከ ዛሬ በሚጠቀሰው የተራራ ምደባ መሠረት ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ መሬት ሁሉ፣ ተዳፋት ይኑረው አይኑረው፣ የተራራ ምድር ይባላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ሜዳዋም ተራራ ሆነ ማለት ነው። ነዋሪው ሜዳ ይላል፤ ምደባው ተራራ ይላል። የትኛውም አልተሳሳተም። ነዋሪው ቅርጹን ከዙሪያው ጋር ያነጻጽራል፤ ምደባው ከባሕር ወለል ይቆጥራል።

ይህ ልዩነት የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። የአገሬው የመልክዓ ምድር ቃላት በአብዛኛው የንጽጽር ቃላት ናቸው፤ የካርታ ቃላት የልኬት ናቸው። ቆላና ደጋ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ገበሬው ቆላ ሲል ከእሱ በታች ያለውን፣ ማሽላ የሚበቅልበትን፣ ወባ የሚፈራበትን አገር ማለቱ ነው፤ ደጋ ሲል ገብስና ባቄላ፣ ብርድና ጉም ያለበትን። መማሪያ መጽሐፉ እነዚህን በቁጥር አሰራቸው፤ ቆላ ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300፣ ደጋ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ነገር ግን ወሰኖቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያሉ፤ የወይና ደጋ ጣሪያ አንዱ ጋ 2,300 ሲሆን ሌላው ጋ 2,400 ወይም 2,500 ነው። ልዩነቱ የስሕተት ምልክት አይደለም። ኑሮን የሚገልጽ ቃል በሜትር ሲታጠር የሚሆነው ይኸው ነው። ተማሪው ቁጥሩን ብቻ እንዲሸመድድ ሲደረግ ግን ቃሉ የነበረው ዕውቀት ሁሉ፣ እህሉም ብርዱም፣ ተራግፎ ይቀራል። ይህ ያሳዝናል።

ሦስተኛው አቋም፣ ከግዕዝና ከአማርኛ አዲስ መፍጠር፣ እጅግ ያማረ ውጤት ያስገኘበት ጊዜ አለ። «ስምጥ ሸለቆ» አንድ ትምህርት በሁለት ቃል ነው፤ መሬቱ እንዴት ሸለቆ እንደሆነ፣ ማለትም እንደሰመጠ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። «ንፍቀ ክበብ»ም ለሰማው ሁሉ የክብ ግማሽ መሆኑን ይገልጻል። «ኬክሮስ»ና «ኬንትሮስ» ግን እንዲህ አልሆኑም። ሁለቱም ከግሪክ በግዕዝ በኩል የመጡ ናቸው፤ ኬክሮስ በባሕረ ሐሳብ የቀን አንድ ስልሳኛ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። ለሊቃውንቱ ትርጉም የነበረው ቃል ለአሥር ዓመት ልጅ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ብቻ ሆነ፤ የትኛው አግድም፣ የትኛው ቁም እንደሆነ ከቃሉ የሚገኝ ፍንጭ የለም። በካርታና በመሬት ርቀት መካከል ላለው ንጽጽር ደግሞ መስፈርት የሚል አለ፣ ልኬት የሚል አለ፣ ስኬል የሚል አለ። መስፈርት ዛሬ በዕለት ተዕለት አነጋገር የመመዘኛ ነጥብ ሆኗልና ለካርታ ባይውል ይመረጣል።

የቦታ ስሞችም የራሳቸውን ትምህርት ይዘዋል። ተከዜ በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው፤ «ተከዜ ወንዝ» ስንል ወንዝን ሁለት ጊዜ እንጠራለን። ወቢ በሶማሊኛ ያው ወንዝ ነው። ቱሉ በኦሮምኛ ተራራ ነው፤ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ቀዩ ተራራ ነው። እነዚህን የሚያውቅ ተማሪ ካርታ ሲያነብ ሦስት ቋንቋ አብሮ ያነባል። ከመልክዓ ምድር ትምህርት ይህን ያህል በርካሽ የሚገኝ ሀብት የለም፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

የማስረጃው ነገርስ? በኢትዮጵያ ለትምህርት ሚኒስቴር በ2006 በተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ታይቷል። ጥናቱ በዋናነት ያተኮረው በሒሳብና በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ስለሆነ የካርታን ነገር በቀጥታ አይፈታም። የመጀመሪያውን አቋም ያጠናክራል እንጂ ክርክሩን አይዘጋም።

ካርታ በስንት ዓመት?

ለረጅም ጊዜ መልሱ የዣን ፒያዤ ነበር። ከባርቤል ኢንሄልደር ጋር በ1948 ባሳተመው የሕፃናት የቦታ ግንዛቤ ጥናት ልጆችን ከሦስት ተራሮች ሞዴል ፊት አስቀምጦ፣ በሌላ በኩል የተቀመጠች አሻንጉሊት ምን እንደምታይ ጠየቃቸው። ትንንሾቹ እነሱ የሚያዩትን መረጡ። ከዚህም ካርታ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚያይ ዓይን፣ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት አይደረስበትም የሚል እምነት በየአገሩ ሥርዓተ ትምህርት ሰፈነ።

ተቃውሞው ከሁለት በኩል መጣ። ማርቲን ሂውዝ ተራሮቹን ትቶ ከፖሊስ የሚደበቅ ልጅ ጨዋታ ሲሰጣቸው የአራት ዓመት ልጆች አብዛኞቹ በትክክል መለሱ፤ ችግሩ ከልጁ ሳይሆን ከጥያቄው ነው ተባለ። ጄምስ ብላውትና ዴቪድ ስቲ ደግሞ በ1971 ባወጡት ጥናት ትምህርት ቤት የገቡ ሕፃናት የአየር ፎቶግራፍ ላይ ቤትና መንገድ መለየት እንደሚችሉ አሳዩ። ብላውት ካርታ መረዳት እንደ ቋንቋ በተፈጥሮ የሚመጣ ነው እስከማለት ደረሰ።

ሊን ሊበንና ሮጀር ዳውንስ መለስ ብለው «መቻል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። በእነሱ ሥራ ውስጥ ከተጠቀሱት ልጆች አንዱ ካርታ ላይ በቀይ የተሣለው መንገድ በእውነትም ቀይ ነው ብሎ አሰበ፤ ሌላው መስመሩ ሁለት መኪና አያሳልፍምና መንገድ ሊሆን አይችልም አለ። ልጆቹ ምልክቱ አንድ ነገር እንደሚወክል ያውቃሉ፤ ከምልክቱ ባሕርይ የትኛው የመሬቱ፣ የትኛው የወረቀቱ እንደሆነ ግን አይለዩም። በ1997 ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ተፋጠጡ፤ አሸናፊ አልወጣም። ለእኔ የሊበንና የዳውንስ ክፍፍል ለመምህር የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የልጁን ስሕተት ቦታ ያሳያል። ቀዩን መስመር ቀይ መንገድ ያለው ልጅ ካርታ አልገባውም ተብሎ አይታለፍም። የቀለም ጉዳይ ብቻ ነው የቀረው።

የብላውትን ወገን የሚደግፍ ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ በየገጠሩ ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ታትሞ ሲቀርብ ባለይዞታዎቹ ድንበራቸውን በላዩ ላይ እያሳዩ አስምረዋል። ሆኖም እዚያ ያለው ፎቶ ነው፤ ዛፉ ዛፍ ይመስላል። ከፎቶ ወደ ምልክት ያለው ርቀት ገና መሄድ የሚፈልግ ርቀት ነው።

ተራራውን በመስመር

ያን ርቀት በግልጽ የሚያሳየው ኮንቱር ነው። በ1774 በስኮትላንድ ሺሃሊየን ተራራ ላይ የምድርን ጥግግት ለማወቅ ልኬት ሲደረግ፣ ሒሳቡን የሠራው ቻርልስ ሃተን እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አያያዛቸው። በባሕር ጥልቀት ላይ መሰል መስመር ከእሱ በፊትም ነበረ፤ ለተራራ ግን ዘዴው ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። በእኛ 1፡50,000 ካርታዎች ላይ በአንድና በቀጣዩ መስመር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በተለምዶ 20 ሜትር ነው፤ አምስት መስመር ያቋረጠ ሰው 100 ሜትር ወጥቷል ወይም ወርዷል ማለት ነው። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል ነው፤ ሲራራቁ ረባዳ። በሸለቆ ላይ የመስመሩ ሹል ወደ ወንዙ መነሻ ያመለክታል፤ በተረተር ላይ ወደ ቁልቁለቱ። ሸለቆንና ተረተርን ማሳሳት የተለመደው ስሕተት ነው፤ መፍትሔውም ሁልጊዜ ቁጥሩን ማንበብ ነው።

ተማሪዎች ኮንቱርን እንደ ባዕድ ነገር ይሸሹታል ሲባል እሰማለሁ። ከማንም ይልቅ የኢትዮጵያ ልጅ ሊሸሸው የማይገባው ነገር ግን ይኸው ነው። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የኮንሶ እርከን በድንጋይ የተጻፈ ኮንቱር ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ገበሬዎች ሁለት ምሰሶ ያቆማሉ፣ ሲባጎ ይወጥራሉ፣ ከሲባጎው መሐል ውኃ ልክ ያንጠለጥላሉ። አረፋዋ መሐል ስትቆም ሁለቱ ምሰሶዎች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ችካል ይተከላል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። የችካሎቹ ሰልፍ ያለ አንዳች ለውጥ የካርታው ቡናማ መስመር ነው። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ትርፉ ውኃ እንዲወጣ እርከኑ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ እዚያ ላይ እርከኑና ኮንቱሩ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። አባቱ ከጠዋት እስከ ማታ ኮንቱር ሲያሰምር የዋለ ልጅ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ «ኮንቱር ምንድን ነው?» ሲባል ዝም ካለ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ከቅርብ ወደ ሩቅ የሚለው መርሕ ነው። ልጁ ከክፍሉ ንድፍ ተነሥቶ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ አገርና ወደ ዓለም ይሂድ የሚለው አካሄድ በእኛም የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ኪራን ኢገን የሕፃን ምናብ ሩቁን ከቅርቡ እኩል ይይዛል ብሎ አጥብቆ ተችቶታል። ለምናብ እውነቱን ነው፤ ለልኬት ግን ልጁ ሄዶ በእርምጃው ሊያረጋግጠው የሚችለው የቅርቡን ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ላይ» ነው። ስቲቨን ሌቪንሰንና ፐኔሎፒ ብራውን በሜክሲኮ የጸልታል ተናጋሪዎች ዘንድ ዳገትና ቁልቁለት እንደ ቋሚ አቅጣጫ እንደሚያገለግሉ፣ ዳገት ማለት ደቡብ እንደሆነ አጥንተዋል። ቋንቋ የቦታ አስተሳሰብን ይቀርጻል አሉ፤ በ2002 ፔጊ ሊና ሊላ ግላይትማን ልዩነቱ የመጣው ከፈተናው ሁኔታ ነው ብለው ተከራከሩ። አማርኛ ሰሜንና ደቡብ የሚሉ ቃላት እያሉት በየዕለቱ የሚጠቀመው ላይና ታችን ነው። ይህ በአማርኛ ተናጋሪ ሕፃናት ላይ ራሱን ችሎ ቢጠና ለክርክሩም ለክፍሉም ትልቅ ጥቅም ነበረው።

ሦስተኛው ቁጥሮቹ ናቸው። ራስ ደጀን በቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነው፤ በአዳዲሶቹ 4,550 ወይም 4,533። ስሙም በውጭ ካርታዎች «ዳሸን» ሆኖ ዞሮ ወደ እኛው ተመልሷል። ስልክ የያዘ ተማሪ ደግሞ ከቆየው የ1፡50,000 ካርታ ያነበበውን መጋጠሚያ ስልኩ ላይ ቢያስገባ ከ100 ሜትር በላይ ሊስት ይችላል፤ ካርታው ከአዲንዳን ይነሣል፣ ስልኩ ከሌላ መነሻ። እነዚህ ከተማሪ መደበቅ የለባቸውም። ካርታ የልኬት ውጤት እንደሆነ፣ ልኬትም እንደሚሻሻል የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ካርታውን ከግድግዳ አውርዱት። ደጅ ላይ አንጥፉት፤ የካርታውን ሰሜን ወደ መሬቱ ሰሜን አዙሩት፤ ልጆቹን በዙሪያው አቁሟቸው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በወረቀቱም በመሬቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል።